ግልጽ ደብዳቤ፦ በርሜሌ ሞልቷል፤ ዘይቱን የት ልውሰደው?

ይድረስ፦ በአካባቢያችን የወንዝ ብክለትን ለምትቆጣጠሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች

ግልባጭ፦ ለባለጋራዦች፣ ለላቫጆ ልጆች፣ በአቃቂ ውሃ የበቀለ ሰላጣ ለምንበላ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ዘይት የነካው ውሃ

ጤና ይስጥልኝ።

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ሦስት ረዳት ልጆች፣ አንድ ሰነፍ ውሻ። አብዛኛው ሥራችን የጭነት መኪና ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከእናንተ ዘንድ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። አንዲት ወጣት ባለሙያና አንድ ደንብ አስከባሪ። ወለሉን አዩት። ጥቁር ነው። ጋራዥ ነዋ! ከዚያ ወደ ዲቹ የሚወርደውን ውሃ አዩ። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። ልጅቷ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝና እንዲህ አሉኝ፦ "በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወለሉን በኦሞ ፈትጋችሁ አጽዱ። ውሃው ላይ ዘይት መታየት የለበትም።"

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ "መታየት" የምትለዋ ቃል ናት።

በዕለቱ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። እነሱ ገና የሚያዩት ብዙ ጋራዥ ነበረባቸው። እኔም ሲኖትራክ ክሪክ ላይ ቆሞብኝ ነበር። ወሬው ሳያልቅ ተለያየን። እዚህ ልጨርሰው ብዬ ነው። ለጠብ አይደለም። እንዲያውም መምጣታቸው ደስ ብሎኛል፤ ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ያ ቀስተ ደመናም የእኔ ነው፤ አልክድም። የምጨቃጨቀው በኦሞው ላይ ነው።

ይህን ጉዳይ የተማርኩት እዚህ አይደለም። ጣና ላይ ነው።

አዎ፣ አዲስ አበባ ዳር ስለ ጀልባ የሚያወራ መካኒክ ግር ይላል። እኔ ግን ሞተር የተማርኩት ባሕር ዳር፣ ሰው ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በሚያመላልሱ የናፍታ ጀልባዎች ላይ ነው። የጀልባ ሆድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የወለሉን ሳንቃ ስታነሱት ከሞተሩ ሥር ጠባብና ጨለማ ጓዳ አለ። ውሃ አይጠፋበትም። ጀልባው ስለተቀደደ አይደለም። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ብረት ከሆዱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ግሪስ በጠጣ ገመድ ይጠቀጠቃል። ጨርሰህ ካጠበቅከው ብረቱ ይግላል፣ ይበላል። ስለዚህ ሲሠራ ትንሽ ጠብ ጠብ እንዲል ይተዉታል። ከላይ ደግሞ ሞተሩ ዘይት ያንጠባጥባል። የማያንጠባጥብ አሮጌ የናፍታ ሞተር እስካሁን አላየሁም። ናፍታውም ከፊልትሮው ሥር ይወርዳል። ሁሉም እዚያ ጓዳ ውስጥ ይገናኛል።

ጓዳው ውስጥ ፓምፕ ይቀመጣል። እንደ ሮቶ ጋለጃንቴ ያለ ተንሳፋፊ አለው። ውሃው ከፍ ሲል ራሱ ይነሳና ወደ ሐይቁ ይተፋዋል። ደግ ዕቃ ነው፤ ጀልባ ከመስጠም ያድናል። ክፋቱ ውሃና ዘይት አይለይም። ያገኘውን ይተፋል።

አለቃዬ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ሕጋቸው ቀላል ነበር። ጀልባው ታስሮ ሲያድር የቀዳዳውን ገመድ ጠበቅ እናደርጋለን፤ ፓምፑም አይነካም። "ይደር" ይላሉ። "እኛ ስንተኛ ዘይቱ ይነሳል።" እውነትም ጠዋት ሳንቃውን ስናነሳ ዘይቱ እንደ ወጥ ቅባት ላዩ ላይ ሰፍሮ እናገኘዋለን። ቱቦውን እስከ ታች እንከታለን። ውሃውን ከሥር እንስባለን። ዘይቱ የቱቦው አፍ ጋ ከመድረሱ በፊት እናቆማለን። የቀረውን በጣሳ እየቀዳን ወደ ጀሪካን፣ የመጨረሻዋን ደግሞ በጨርቅ። ሌላም ነገር ነበራቸው። ከሞተሩ ሥር ከላሜራ የተሠራ ጠርዝ ያለው ትሪ አስቀምጠዋል። የሞተሩ ዘይት እዚያ ላይ ይወድቃል፤ ከውሃው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ያቺ ትሪ ከፓምፑም ከጨርቁም ትበልጥ ነበር።

አንድ ቀን እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። እኔ ወጣት ነኝ፣ መታየት እፈልጋለሁ። ጋሼ በሌሉበት ግማሽ ካርቶን ኦሞ የጀልባው ሆድ ውስጥ ገለበጥኩ። በመጥረጊያ አማሰልኩት። ፓምፑን ለኮስኩት። እንደ ወተት የነጣ ውሃ እየተንዶለዶለ ወደ ሐይቁ ወረደ። ቀስተ ደመና የለ፣ ጥቁር የለ። ጓዳው አበራ። ኮራሁ!

ጋሼ መጡ። ምንም አልተናገሩም። ከቀረው ነጭ ውሃ በአንድ ባዶ የማር ብልቃጥ ቀድተው መሪው አጠገብ አስቀመጡት። በማግስቱ አየነው። ነጭ ነው። በሦስተኛው ቀንም ነጭ ነው።

"ዘይቱ የት ሄደ?" አሉኝ።

"ጠፋ" አልኩ።

"አልጠፋም፤ ደበቅከው። አሁን እኔም አላወጣውም፣ አንተም አታወጣውም።"

አንድ ወር ሙሉ የጀልባዎቹን ሁሉ ሆድ ብቻዬን እንዳጸዳ ፈረዱብኝ። ሽታው ከልብሴ ለመልቀቅ ከዚያ በላይ ፈጅቷል።

ሳይንሱን በኋላ ነው ያነበብኩት። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ፍጥነቱ ግን በጠብታው መጠን ነው። የጠብታው ስፋት በአሥር ሲያንስ ፍጥነቱ በመቶ ያንሳል። ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሆነች ጠብታ ከበርሜል ሥር ተነስታ ላዩ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃታል። ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ የሆነችው ግን ሁለት ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ ያውም ውሃው ጨርሶ ካልተነቃነቀ። ሳሙና የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዘይቱን ደቅቆ እንዲበተን ያደርገዋል። እያንዳንዷን ደቃቅ ጠብታ ይሸፍንና መልሰው እንዳይገናኙ ያደርጋል። ሳህን ለማጠብ ሲሆን ጥሩ ነው። ዘይቱን ከውሃው መልሶ ለማውጣት ለሚፈልግ ሰው ግን በሩን መዝጋት ነው።

ባሕር የለንም እንጂ መርከብ አለን። የእኛ መርከቦችም የሚሄዱበት ሕግ አለ። ማርፖል ይባላል። በ1973 ወጥቶ፣ በ1978 ተሻሽሎ፣ በ1983 ሥራ ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። ጠቅላላ ቶኔጁ 400 እና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ከሞተር ክፍሉ የሚያስወጣው ውሃ ውስጥ የሚኖረው ዘይት ከሚሊዮን 15 እጅ መብለጥ የለበትም ይላል። ይህን ወደ እኔ በርሜል ሳመጣው፣ በ200 ሊትር ውሃ ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ ሕጉ የሚለካው ዘይቱን ነው። ውሃው ለዓይን ያምራል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ታዲያ ለምን በዓይን ትለኩናላችሁ?

ከእኛ ዲች የሚወርደው ውሃ አቃቂ ይገባል። ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ፣ እያለ እስከ አፋር። አዋሽ ባሕር እንደማይደርስ በትምህርት ቤት ተምረናል። አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ይዞት የሄደውም አብሮት እዚያው ይቀራል። እሱ ሩቅ ነው ካላችሁ በቅርቡ ልንገራችሁ። የከተማችንን ቧንቧ ከሚሞሉት ጉድጓዶች ብዙዎቹ እዚሁ አቃቂ ነው የተቆፈሩት።

ከዚያም ደግሞ እማማ አሉ።

እማማ ከጋራዤ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ ጎመንና ቆስጣ ያለማሉ። ሰላጣም አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እገዛቸዋለሁ። አሁን ሳስበው ይህ ድፍረት ይሁን ፍርድ አላውቅም። አንድ ጠዋት ስሄድ ፓምፓቸውን አጥፍተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"ምነው እማማ፣ ውሃ አታጠጡም?"

"ዛሬ የዘይት ቀን ነው ልጄ" አሉኝ።

የዘይት ቀን! ወንዙን አየሁት። ከዳር በኩል ያ ቀለም እየተጥመለመለ ይወርዳል። እሳቸው እንዲህ ሲያዩ ፓምፑን ያጠፋሉ። እስኪያልፍ ቡና ያፈላሉ። ላዩ ሲጠራ ያስነሳሉ። ያላቸው መለኪያ ዓይናቸው ብቻ ነው። ዘይቱ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ደግሞ ዓይናቸው ይበቃቸው ነበር።

አሁን እኔ ወለሌን በኦሞ ፈትጌ ያንኑ ዘይት ብለቀው ምን ይሆናል? ዘይቱ ያው ነው። ከሞተር ተፍቆ የወጣው የብረት ብናኝም፣ ከዘይቱ ጋር የተቃጠለውም ሁሉ አብሮት አለ። ቀለሙ ግን የለም። እማማ ወንዙን ያያሉ፤ ትንሽ የደፈረሰ ውሃ ነው። አቃቂ መቼ ጠርቶ ያውቃል፤ የተለመደ ነው። ፓምፑን ያስነሳሉ። ጎመኑ ይጠጣል። እናንተ መጥታችሁ ወለሌን ስታዩ "ጎበዝ" ትሉኛላችሁ። ማስጠንቀቂያው ይነሳልኛል። የአሮጊቷን ብቸኛ ምልክት የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም በትእዛዝ።

ይኸው ነው ኦሞው ላይ ያጨቃጨቀኝ።

ባለሙያዋን እህቴን አልወቅሳትም። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን አንድ ቀላል ነገር ታድርግልኝ። ሦስት ባዶ ሃይላንድ ትውሰድ። ሦስቱም ውስጥ እኩል ውሃና አንድ አንድ ማንኪያ የተቃጠለ ዘይት ትጨምር። አንዱን እንዳለ ትተወው። ሁለተኛውን በደንብ ትናጠው። ሦስተኛው ውስጥ አንድ ቁንጥር ኦሞ ጨምራ ትናጠው። ቡና ጠጥታ ስትመለስ የናጠችው ሁለተኛው በአብዛኛው ተለይቶ ታገኘዋለች። ሦስተኛውን ነገም ከነገ ወዲያም ትየው። እኔ ጋ መደርደሪያ ላይ አሉ። ከተቀመጡ አሥራ ስምንት ቀናቸው ነው። ሦስተኛው ዛሬም ግራጫ ነው። ውሻው እንኳ አልቀረበውም፤ እሱ ግን ከስንፍናው ነው።

ማስጠንቀቂያው ከተሰጠኝ ወዲህ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። የሠራሁትን ልንገራችሁ፤ ከወደዳችሁት ለሌላውም አሳዩት።

ሦስት በርሜሎችን ደረጃ በደረጃ ቀበርኳቸው። የወለሉ ውሃ መጀመሪያ አንደኛው ውስጥ ይገባል። አሸዋውና ጭቃው እዚያ ይቀመጣል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው ቱቦ አፉ ወደ ታች ተጠምዝዞ ከውሃው ሥር ነው የሚስበው። ስለዚህ ላዩ ላይ ያለው ዘይት እዚያው ይታገታል። ሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው እንዲሁ። ከሦስተኛው ወደ ዲቹ የሚወጣው ከታች የተሳበ ውሃ ነው። የጋሼ ቱቦ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ጠዋት ጠዋት አንደኛው ልጅ በጣሳ ዘይቱን ከላይ ይገፍፋል። መርከብ ላይ ካለው ማሽን ጋር አላወዳድረውም። ግን ያ ቀስተ ደመና ከዲቹ ላይ ጠፍቷል። የጠፋው ተደብቆ አይደለም፤ ጀሪካን ውስጥ ገብቶ ነው።

አንድ ሁኔታ አለው። ሳሙና ከገባበት አለቀለት። ስለዚህ ወለሉን በውሃ ማጠብ ትተናል። ዘይት ከፈሰሰ ሰጋቱራ እንበትንበታለን፣ ይጠጣዋል፣ እንጠርገዋለን። ሰጋቱራውን ለምድጃ የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች አሉ። እንቢ እላቸዋለሁ። ጭሱ እንጀራ ላይ ነው የሚያርፈው። ፊልትሮ ስንቀይር ደግሞ በስተነው ሌሊቱን ገልብጠን ሰቅለነው እናሳድራለን። ከአንድ የጭነት መኪና ፊልትሮ የሚወርደውን ዘይት ብታዩ ትገረማላችሁ። ድሮ እሱን ከነዘይቱ ነበር ቆሻሻ ውስጥ የምንጥለው።

ዝናቡ ነው ያስቸገረኝ። ዘንድሮ ገና በርሜሉን እንደቀበርኩ አንድ ከሰዓት በኋላ ዘነበ። በግቢዬ ውስጥ ጣራ የሌለው 100 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ አለኝ። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እዚያ ላይ ሲወርድ 1,000 ሊትር ነው። አምስት በርሜል ማለት ነው፣ በአንዴ! ሦስቱን በርሜሎች አጥለቅልቆ የታገተውን ዘይት ሁሉ ይዞ ሄደ። ቆሜ እያየሁ ነው የሄደው። በማግስቱ በርሜሎቹ ዙሪያ አንድ ብሎኬት ከፍታ ያለው ጠርዝ ሠራሁ። የጣራውንና የግቢውን ዝናብ በሌላ በኩል አስወጣሁት። ክረምት ሳይገባ ይህን ለሌሎቹ ባለጋራዦች ብትነግሯቸው መልካም ነው። ዝናቡና የጋራዡ ውሃ አንድ ቱቦ ውስጥ ከገቡ የትኛውም ማጣሪያ አያዋጣም።

ስለ ላቫጆ ልጆችም አንድ ቃል። እነሱ ላይ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ሳሙና እንጀራቸው ነው። ከመኪና አካል የሚወርደው በአብዛኛው አቧራና ጭቃ ነው። ችግሩ የሞተር እጥበት ነው። ናፍታ ረጭተው፣ ኦሞ አድርገው፣ በፕሬሸር ሲለቁት የእኔን የጣና ጥፋት በየቀኑ ይደግሙታል። ይህን ለብቻው ከልክሉት። ሞተር የሚታጠበው ጣራ ያለበትና ውሃው የሚጠራቀምበት ቦታ ብቻ ይሁን። መኪና ማጠቡን ግን ይቀጥሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሕግ የለም አይባልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው። የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ብሏል። አገራችን የአደገኛ ቆሻሻን ዝውውር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ናት። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ዋይ 9 የሚል ተራ አለ። የዘይትና የውሃ ድብልቅ ማለት ነው። ቃል በቃል የእኔ በርሜል! በላይኛው ከተማ በኩል ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳር ልማት አለ። 56 ኪሎ ሜትር ተብሎ ነው የተነሳው። ልጆቼን ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ውሃው ግን እዚያ አይቆምም። ወደኛ ነው የሚወርደው። እኛም በተራችን እንጨምርበታለን።

ሕጉ ይሄን ሁሉ ካለ፣ እኔ የምጠይቀው ሕግ አይደለም። አድራሻ ነው።

ሒሳቡን ልሥራላችሁ። አንድ ቤት መኪና ዘይት ሲቀየርለት 4 ሊትር ገደማ ይወጣዋል። አይሱዙ 10 ሊትር አካባቢ። ሲኖትራክ ከ20 ሊትር በላይ። እኔ ባለፈው ወር 9 ሲኖትራክ፣ 11 አይሱዙና 6 ቤት መኪና ሠርቻለሁ። 330 ሊትር ገደማ የተቃጠለ ዘይት ነው። ከአንድ በርሜል ተኩል በላይ፣ በአንዲት ትንሽ ጋራዥ፣ በአንድ ወር። እስካሁን የሚወስዱልኝ የግንባታ ሰዎች ነበሩ። አርማታ እንዳይጣበቅባቸው ሳንቃ ይቀቡበታል። ምስጥ የበላው አጥር ያለውም አምስት ሊትር ይጠይቀኛል። አንዳንዴ ደግሞ በፒክአፕ መጥቶ ብዙ የሚገዛ ሰው አለ። የት እንደሚወስደው ስጠይቀው ይስቃል። እኔም ገንዘቡን ተቀብዬ ዝም እላለሁ። ይህንንም ጥፋቴን ቁጠሩልኝ።

ከእኔ ጥፋት በላይ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። እናንተ በመጣችሁበት ዕለት ማስጠንቀቂያ ካልደረሳቸው ጋራዦች አንዱ ወለሉ ያበራ ነበር። አንድም በርሜል ግቢው ውስጥ አልነበረም። ከእኔ በላይ መኪና ይሠራል፤ በሩ ላይ ሁልጊዜ ሰልፍ ነው። "ዘይትህን የት አደረስከው?" ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እኔ በርሜል ስላለኝ ቆሻሻ ነኝ። እሱ በርሜል ስለሌለው ንጹሕ ነው። ሰውዬውን አላሳጣውም፤ ጎረቤቴ ነው፤ ክሪክ ሳጣ ክሪክ ያውሰኛል። አጠያየቃችሁን ነው የማሳያችሁ። በሚቀጥለው ስትመጡ ወለሉን አትዩ። ደረሰኝ ጠይቁ። በወሩ ስንት ሊትር አዲስ ዘይት ገዛችሁ በሉ። ከዚያ አሮጌውን አሳዩን በሉ። ሞተር ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ይባክናል። ግን 300 ሊትር ገዝቶ 10 ሊትር ብቻ የሚያሳይ ጋራዥ የቀረውን አልጠጣውም።

እንዲህ ከጠየቃችሁ ግን ማስረከቢያም ስጡን። በወር አንድ የታወቀ ቀን ይሁን። አንድ ቦቴ በየሰፈሩ ይዙር። የተቃጠለውን ዘይት ለብቻ፣ ዘይት የነካውን ውሃ ለብቻ ይቀበል። በሊትር እየለካ ደረሰኝ ይስጥ፤ ደረሰኙን ለእናንተ እናሳያለን። ክፈሉ ካላችሁም እንከፍላለን። ከቦቴው ጋር በተራ የሚዞር ባለጋራዥ ካስፈለገ እኔ እወጣለሁ። ተወስዶ ምን ይሆናል ለሚለው የሲሚንቶ ምድጃ አለ። ከ1,400 ዲግሪ በላይ የሚግል ነው። በሌላ አገር የተቃጠለ ዘይት እዚያ ይነዳል። እዚህም ሲሚንቶ ፋብሪካ አላጣንም። ተነጋገሩልን። እኔ ብነጋገር በር ላይ ያለው ጥበቃ አያስገባኝም።

እንግዲህ የጻፋችሁልኝ አሥራ አምስት ቀን ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። ወለሌን በኦሞ አልፈተግኩም። ጥቁር ነው። መጥታችሁ ብታሽጉኝም አልገረምም። ከማሸጋችሁ በፊት ግን ሦስቱን ሃይላንዶች እዩልኝ፤ ከበሩ በስተግራ ካቻቪቴው ከተሰቀለበት በላይ ናቸው። ከተቻለ ጠዋት ኑ፣ ልጁ ዘይቱን በጣሳ ሲገፍፍ ትደርሳላችሁ።

የግንባታዎቹ ሰዎች ከመጡ ወር አለፈ። አንደኛው የዘይት በርሜል ጢም ብሏል። ሁለተኛውም ትናንት ሞላ። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛ በርሜል ገዛሁ። ለአራተኛ የሚሆን ቦታ ግቢዬ ውስጥ የለም፤ ነገ ደግሞ ሁለት ሲኖትራክ ቀጠሮ አላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

ዲቹ ላይ ፎቶ የተነሳበት ባለጋራዥ